ገመዱን የያዘው እጅ፦ የጎጃም መሬት ከቀላድ እስከ ኮምፒውተር

ዛሬ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደ አንድ የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት የገባ ሰው የሚያየው ነገር አያቶቹን ያስደነግጥ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ከአየር የተነሣ የቀበሌው ፎቶ ተዘርግቷል። ማሳዎቹ በቀጭን መስመር ተከፋፍለዋል፤ እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው። ባለሙያው አንዱን ማሳ ሲጫን የባልና የሚስት ስም፣ ስፋቱ በሄክታር፣ የአዋሳኞቹ ቁጥር ይወጣል።

የእነዚሁ ባለይዞታዎች አባቶችና አያቶች በ1960 ዓ.ም. ጠመንጃ ያነሡት እንዲህ ያለው መዝገብ እንዳይመጣ ነበር። ገማች ወደ መንደራቸው እንዳይገባ፣ ገመድ በማሳቸው ላይ እንዳይዘረጋ ሞተዋል። የልጅ ልጆቻቸው ግን ገመዱን ራሳቸው ይዘው፣ ድንበራቸውን ራሳቸው እየመሩ አስለክተዋል።

በዚህ መካከል ምን ተለወጠ? ብዙ ሰው «ቴክኖሎጂ መጣ» ብሎ ያልፈዋል። መልሱ ግን ከኮምፒውተሩ በፊት ያለ ነው። የጎጃም ገበሬ መለካትን በጭፍን የጠላበት ጊዜ የለም። ሁልጊዜ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «የሚለካው ለማን ነው?» የመቶ ዓመቱ ታሪክ በዚህ ጥያቄ ሲነበብ ግልጽ ይሆናል። የዛሬው ዲጂታል መዝገብ ይኑር ወይም ይሙት የሚለውም በዚሁ ጥያቄ ይወሰናል።

መዝገቡ የሰው ቃል የነበረበት ዘመን

በጎጃም የመሬት መብት መሠረቱ ርስት ነበር። አንድ ሰው መሬት የሚያገኘው አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን ቆጥሮ ነው። ቆጠራው በአባትም በእናትም ይሄዳል፤ ሴትም ርስት ትወርሳለች፣ ታወርሳለች። በዚህ ምክንያት አንድ ሰው ዘሩን ሲቆጥር በአንድ ሳይሆን በብዙ አቅኚ አባቶች በኩል፣ በብዙ ቀበሌም ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። በተግባር የሚያርሰው ግን ጥያቄውን ሽማግሌ ፊት ወይም ዳኛ ፊት አቅርቦ ያስከበረውን ብቻ ነው።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቷል፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። ከጥናቱ የሚገኘው ትልቁ ትምህርት ርስት የቆመ ነገር አለመሆኑ ነው። ርስት ማለት አንድ የተወሰነ ቁራሽ መሬት ሳይሆን ድርሻ የመጠየቅ መብት ነው። ብርቱ ተከራካሪ፣ ሹመት ያገኘ፣ ዘመድ የበዛለት ሰው በዕድሜው ይዞታውን ያሰፋል፤ ሲሞት ደግሞ በልጆቹና በተከራካሪዎቹ መካከል እንደገና ይበታተናል።

እንዲህ ያለውን መብት በካርታ ማስፈር ይቻላል? ካርታ «ይህ ማሳ የእገሌ ነው» ብሎ ይዘጋል። ርስት ግን አራሹን ብቻ ሳይሆን ነገ ሊጠይቅ የሚችለውን ሁሉ ያቀፈ ነው። መሬቱ አንድ ጊዜ ተለክቶ ቢጻፍ የሚጎዳው ዛሬ መሬት የያዘው ብቻ አይደለም፤ ተስፋ ያለው ሁሉ ተስፋው ይቆረጣል። ስለዚህ የመለካት ነገር ሲነሣ ሀብታሙም ድኻውም በአንድነት የሚቆጣበት ምክንያት ነበረው።

ጽሑፍ ጭራሽ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም እንደ መርጡለ ማርያም ባሉ ታላላቅ አድባራት የመሬት ስጦታና ሽያጭ በብራና ላይ ይመዘገብ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ሀብታሙ መንግሥቴ እነዚህን ሰነዶች መርምሮ እንዳሳየው፣ በምሥራቅ ጎጃም ከባለመሬቶቹ ሥር «ዜጋ» ተብለው የሚጠሩ፣ የሚያርሱት መሬት የራሳቸው ያልሆነ ሰዎች ይኖሩ ነበር። በብራናው ላይ ባለመብት ሆኖ የሚቀመጠው ባለመሬቱ ነው፤ አራሹ ግን እንዲህ ያለ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ የጎጃም ገበሬ ጽሑፍን ያወቀው ከላይ የነበሩት ሰዎች መሣሪያ ሆኖ ነው።

ቀላድ ማለት ምን ማለት ነበር

ቀላድ የመሬት መለኪያ ገመድ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ በደቡብ የአገሪቱ ክፍል መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ተቆጠረ፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። የተለካው መሬት ለመንግሥት፣ ለሹማምንት፣ ለወታደር፣ ለባላባት ተከፋፈለ። ቀድሞ መሬቱን ያለማው ሰው በአብዛኛው ገባር ሆነ፤ ቆይቶም ጪሰኛ ተባለ።

ጎጃሜው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገውም። ወታደር ሆኖ፣ ነጋዴ ሆኖ፣ ተማሪ ሆኖ አገር የዞረ ሰው አይቶታል፣ አውርቶታል። በእርሱ ቋንቋ «ቀላድ ገባ» ማለት «ርስት ጠፋ» ማለት ነበር። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ጎጃምን ሲገዙ የነበረው የግብር ብዛት በሽማግሌዎች አእምሮ ትኩስ ነበርና ከላይ የመጣ የቆጠራ ትእዛዝ ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር።

ከጣልያን ወረራ በኋላ ማዕከላዊው መንግሥት ግብርን በገንዘብ ለመሰብሰብ ተነሣ። በ1934 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፣ ለም ጠፍ ለሚባለው 10 ብር፣ ለጠፍ 5 ብር ተወሰነ። ይህ ስሌት እንዲሠራ መሬቱ በጋሻ መለካት አለበት፤ የጎጃም መሬት ደግሞ አልተለካም። ተቃውሞው ስለበረታ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ጎጃምን፣ ቤጌምድርንና ትግራይን ለብቻ አስቀምጦ በቀድሞው የግብር መጠን እንዲቀጥሉ አደረገ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይ መሬቱን ለመለካት የተደረገው ሙከራም በአመፅ ተቋረጠ።

እዚህ ላይ የመንግሥቱንም ችግር ማየት ፍትሐዊ ነው። ምን ያህል መሬት እንዳለ፣ ማን እንደሚያርሰው የማያውቅ መንግሥት ግብሩን በግምት ይጥላል። ግምት ደግሞ ለጉልበተኛው ይመቻል። ብዙ መሬት የያዘው ባለሥልጣን ጥቂት ሲከፍል ድኻው ከአቅሙ በላይ ይከፍላል። መለካት በራሱ ክፉ አልነበረም። ክፋቱ ለካሁ የሚለው ክፍል ከመለካት በኋላ ምን እንደሚያደርግ ማንም ዋስትና አለመስጠቱ ነበር።

1960 ዓ.ም.፦ ገማቹ ሲመጣ

በ1960 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ አሥራትን አስቀርቶ ግብሩን በእርሻ ገቢ ላይ የሚጥል ነበር። በወረቀት ላይ ሲነበብ ብዙ የሚያገኝ ብዙ እንዲከፍል የሚያደርግ፣ ከቀድሞው የተሻለ ሕግ ነው። ነገር ግን ገቢን ለማወቅ ገማች ወደ መንደር ገብቶ መሬቱን መገመት፣ ምርቱን መቁጠር፣ ስም መመዝገብ ነበረበት።

የጎጃም ገበሬ አዋጁን በሐረጉ አላነበበውም፤ የሚያየው ገማቹን ነው። ዛሬ ግምት ከተፈቀደ ነገ ቀላድ ይከተላል፣ ከነገ ወዲያ ርስት ይወሰዳል ብሎ አሰበ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስቀድመው የተጠሉ ሰው ነበሩ። ከእርሳቸው ሹማምንት ጋር የነበረው ቅሬታና የግብሩ ጉዳይ አንድ ላይ ተቀጣጠሉ። በሞጣ፣ በብቸና፣ በዳሞትና በሌሎችም ወረዳዎች ገበሬው ገማቾችን አላስገባም አለ። ነጭ ለባሽ ተላከበት፤ አልበገርም አለ። ጦር ተላከ፤ ከአየርም መንደሮች በቦምብ ተደበደቡ።

በመጨረሻ ያፈገፈገው መንግሥት ነው። ገዢው ከጎጃም ተነሥተው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ፤ ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ የተከማቸው ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፤ አዲሱ የገቢ ግብር በጎጃም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ ስለ ኢትዮጵያ የገበሬ አመፆች በጻፉት መጽሐፍ የጎጃሙን ከባሌና ከትግራዩ ጋር አንድ ላይ አጥንተውታል፤ ዓላማው መንግሥት መገልበጥ ሳይሆን የያዙትን አለማስነካት እንደነበር ከጥናቱ ይታያል።

ድሉ ግን ሌላ ጎን ነበረው። መንግሥት የጎጃምን መሬት ሳያውቅ ቀረ፤ ገበሬውም በእጁ አንድ ወረቀት ሳይኖረው ቀረ። ርስቱን የሚጠብቅለት ጠመንጃው፣ ዘመዱና የሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ ነበር። ጠንካራ መንግሥት በሌላ ቋንቋ ሲመጣ ይህ ሁሉ ምን ያህል ቀጭን እንደነበር ታየ።

ከ1967 እስከ 1989 ዓ.ም.፦ ስም መመዝገብ ማለት መደልደል ማለት ሲሆን

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ፤ በ800 ሄክታር ገደማ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ። ለደቡቡ ጪሰኛ ነጻነት ነበር። በጎጃም ግን አብዛኛው ሰው ትንሽም ትሁን ርስት ነበረችውና አዋጁ የዘር ቆጠራን መብት በአንድ ቀን አፈረሰበት። ከዚያ ወዲያ መሬት የሚገኘው የአያትን ስም በመቁጠር ሳይሆን የገበሬ ማኅበር አባል በመሆን ሆነ።

የመሬቱ መዝገብ ያን ጊዜ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ደብተር ነበር። ቤተሰብ ሲቆጠር መሬት ይደለደላል፤ ሲደለደል አንዱ ያገኛል፣ አንዱ ይቀነስበታል። መዝገብ ማለት የድልድል ዝርዝር ማለት ሆነ።

ይህ ታሪክ በ1989 ዓ.ም. ተደገመ። የአማራ ክልል ባወጣው አዋጅ ቁጥር 16 መሠረት በጎጃምና በሌሎች የክልሉ አካባቢዎች ሰፊ ድልድል ተካሄደ። በስብሰባ ላይ ሰዎች ተፈረጁ። በደርግ ጊዜ የማኅበር አመራር የነበሩ፣ አንዳንዶቹም በዝቅተኛ ኃላፊነት ያገለገሉ ሰዎች «ቢሮክራት» ተባሉ፤ ከዚያ በፊት ከነበረው ሥርዓት ጋር የተያያዙት «ቀሪ ፊውዳል» ተባሉ። ለእነዚህ የተተወላቸው 4 ጥማድ፣ ማለትም 1 ሄክታር ገደማ ነበር። ለሌላው ገበሬ ጣሪያው እስከ 12 ጥማድ ነው። የተጎዱት ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው እስከ አዲስ አበባ ተጓዙ።

ያ ድልድል መሬት ላልነበራቸው ወጣቶችና ለብቻቸው ለሚኖሩ ሴቶች መሬት ሰጥቷል፤ ይህ የማይካድ ነው። ግን መሬት የሰጠበት መንገድ ሌላ ትምህርት አስተማረ። ማሳህን ማን እንደሚለካው፣ በምን ስም እንደምትፈረጅ ካላወቅህ መሬትህ ያንተ አይደለም የሚል ትምህርት ነው። ዛፍ ለመትከል፣ እርከን ለመሥራት፣ መሬት አሳርፎ ለማደር የሚያስብ ገበሬ «ለማን ብዬ?» ቢል የሚፈረድበት አልነበረም።

አረንጓዴው ደብተር

ለውጡ የመጣው ከዚህ ቁስል በኋላ ነው። ክልሉ በ1992 ዓ.ም. የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 46ን አወጣ፤ ቀጥሎም የመሬት ጉዳይን የሚመራ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በስዊድን የልማት ድርጅት በሲዳ ድጋፍ በሁለት ቀበሌዎች ሙከራ ተጀመረ፤ አንደኛው በምሥራቅ ጎጃም አዲስና ጉሊት፣ ሁለተኛው በደቡብ ወሎ ገራዶ ነበር። ከ1995 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ምዝገባው ወደ መላው ክልል ተስፋፋ።

መለኪያው በአብዛኛው ያው ገመድ ነበር። ነገር ግን ገመዱን የያዘው ሌላ ሰው ነው። የየጎጡ ሰው የራሱን የመሬት ኮሚቴ መረጠ። ባለይዞታው ድንበሩን እየመራ ያሳያል፤ አዋሳኞቹ ቆመው ይመሰክራሉ፤ ያልተስማማ እዚያው ይከራከራል። ውጤቱ ለሕዝብ ይነበባል። በመጨረሻ ለባለይዞታው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጠዋል። ባልና ሚስት ከሆኑ የሁለቱም ስም፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይገባበታል። መዝገቡ በመንግሥት ቤት ብቻ ሳይሆን በገበሬው ሣጥን ውስጥም የተቀመጠው ያን ጊዜ ነው።

በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 133 ደግሞ ድልድልን በጥብቅ ቅድመ ሁኔታ አጠረው። ደብተሩ ዋጋ ያገኘው በዚህ ነው። ደብተር ተሰጥቶ ነገ እንደገና መሬት የሚደለደል ቢሆን ኖሮ ደብተሩ ተራ ወረቀት ይሆን ነበር። ዋናው ነገር መዝገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይወሰድብሃል» ከማለት ይልቅ «አይወሰድብህም» ማለቱ ነው። በ1960 ዓ.ም. ጠመንጃ ያነሣው ማኅበረሰብ በ1990ዎቹ ገመድ የያዘው ለዚህ ነው።

ደብተሩ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ካርታ የለውም። ማሳው የሚታወቀው በአዋሳኝ ስም ነው። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ መንገድ ይላል። እገሌ ሲሞት ወይም መሬቱን ለልጁ ሲሰጥ በደብተሩ ላይ ያለው ድንበር አብሮት ይሞታል። ወንዝም ይገፋል፣ መንገድም ይቀየራል። የሁለት ጎረቤታሞች ደብተሮች አንዱን ሸንተረር ሁለቱም የእኔ ነው ቢሉ ይህን ለማወቅ የሚቻለው ጠብ ሲነሣ ብቻ ነው።

መሬቱ ወደ ስክሪን ሲገባ

ይህን ጉድለት ለመሙላት የመጣው ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በፊንላንድ ድጋፍ የተካሄደው ሬይላ፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ የተካሄደው ሊፍት የተባሉ ፕሮግራሞች ሥራውን አስፋፉት። ሊፍት በአራት ክልሎች 14 ሚሊዮን ማሳ ለመመዝገብ አቅዶ የተነሣ ነው፤ አማራ ክልል አንዱ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አካባቢው ከአየር ይነሣል፤ ፎቶው እንደ ካርታ ልኬቱ እንዲስተካከል ይደረግና በትልቅ ወረቀት ይታተማል። የመስክ ባለሙያው ወረቀቱን ይዞ ማሳው ድረስ ይሄዳል። ባለይዞታው ድንበሩን በእግሩ እየዞረ ያሳያል፤ ጎረቤት ይመሰክራል፤ ባለሙያው በፎቶው ላይ በእስክሪብቶ መስመር ያሰምራል፣ ለማሳው ቁጥር ይሰጠዋል። ወረቀቱ ወደ ቢሮ ተመልሶ ስካን ይደረጋል፤ በካርታ ሶፍትዌር ውስጥ በትክክለኛ ቦታው ላይ ይቀመጣል፤ መስመሩም በኮምፒውተር እንደገና ይሳላል። የሰዎቹ መረጃ በመረጃ ቋት ውስጥ ይገባና ከማሳው ቁጥር ጋር ይገናኛል። ከዚያ ካርታው ለሕዝብ ይለጠፋል። ስህተት ያየ ሰው ያመለክታል፤ ይታረማል፤ ካርታ ያለበት ማረጋገጫ ይሰጣል።

ለሥዕል ሥራው የዋለው ኪውጂአይኤስ የተባለ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ጋሪ ሸርማን በተባለ አሜሪካዊ የተጀመረ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚዳብር፣ ማንም በነጻ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፈቃዱ በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሶፍትዌር ቢሆን ኖሮ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የወረዳው ካርታም አብሮ ሊዘጋ ይችል ነበር።

ካርታ ሁሉ ግን መነሻ ነጥብ ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ካርታዎች ለረጅም ዘመን የቆሙበት መነሻ «አዲንዳን» ይባላል፤ ስሙ ሱዳን ውስጥ ካለ የልኬት ነጥብ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 አሜሪካውያን ቀያሾች የዓባይን ተፋሰስ ለውኃ ጥናት ሲለኩ ይህን መነሻ ወደ ኢትዮጵያ ይዘው ዘለቁ። እ.ኤ.አ. በ1964 የታተመው ታዋቂው የዓባይ ጥናት በዚህ ላይ የተሠራ ነው። ነገሩ የታሪክ ግጥምጥሞሽ አለበት። የጎጃም ገበሬ ማሳዬን አላስለካም ባለበት ዘመን ተፋሰሱ ለውኃ ሥራ ተለክቶ ነበር።

የዛሬው ጂፒኤስ ደግሞ የሚሠራው በሌላ ዓለም አቀፍ መነሻ ነው። በሁለቱ መነሻዎች መካከል ያለው ልዩነት ከ100 ሜትር ይበልጣል። አንድ ባለሙያ ሶፍትዌሩ ላይ የመነሻውን ምርጫ ቢያሳስት የአንዱ ገበሬ ማሳ ከነቁጥሩ ተነሥቶ ከወንዙ ማዶ ያርፋል። ማስተካከያው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ካልታወቀ ግን የአንድ ትውልድ ክርክር ሊተው ይችላል። ለዚህ ነው በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የመሬት አስተዳደር ትምህርት መከፈቱ ከብዙ ኮምፒውተር ግዢ የሚበልጠው።

የሶፍትዌሩ ትልቁ ጥቅም ውበቱ ሳይሆን ሐቀኝነቱ ነው። ሁለት ማሳዎች ሲደራረቡ ወይም በመካከላቸው ባዶ ቦታ ሲቀር ፕሮግራሙ ያሳያል። በወረቀት ደብተር ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ የሚኖር ግጭት በስክሪን ላይ ወዲያው ይታያል። ማን ትክክል እንደሆነ ግን ኮምፒውተሩ አያውቅም። ያን የሚያውቁት አዋሳኞቹ፣ ኮሚቴውና ሽማግሌው፣ ካልሆነም ፍርድ ቤቱ ነው። ማሽኑ ጥያቄውን ያነሣል፤ የሚፈርደው ሰው ነው።

የሚያረጅ መዝገብ

አሁን ያለው ፈተና መመዝገብ ሳይሆን ማደስ ነው። የተመዘገበው መረጃ በየወረዳው የሚተዳደርበት ብሔራዊ የገጠር መሬት መረጃ ሥርዓት ተዘርግቷል፤ ባለሙያዎቹ ኤንአርላይስ ይሉታል። ውርስ፣ ስጦታ፣ ፍቺ፣ ኪራይ፣ ማሳ መክፈል፣ ማሳ መቀላቀል ሁሉ በዚያ ውስጥ መመዝገብ አለባቸው።

አንድ አባት አራት ልጆች ትቶ ሲሞት ግን በብዙ ቤት የሚሆነው ሌላ ነው። ልጆቹ ሽማግሌ ጠርተው፣ ድንጋይ ተክለው ማሳውን ይካፈላሉ። ወደ ወረዳ ለመሄድ የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት፣ ቀን ማባከን፣ ለትራንስፖርት መክፈል አለ። ሕጉ ደግሞ ማሳ ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይከፈል ይከለክላል፤ ድርሻቸው ከዚያ ካነሰ ክፍፍላቸው ቢሄዱም አይመዘገብላቸውም። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ የሞተው አባት አሁንም ባለይዞታ ነው፤ በመሬቱ ላይ ግን አራት አራሾች አሉ። በእኩል ወይም በሲሶ የሚያርሰውም ሰው ቢሆን ውሉ በአብዛኛው በቃል ነው።

እንዲህ ያለ ማሳ ሲበዛ መዝገቡ ቀስ በቀስ ውሸት ይሆናል። በደርግ ጊዜ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ደብተር የሞተውም እንዲሁ ነበር። ልዩነቱ ደብተሩ ማርጀቱ ያስታውቃል፤ ኮምፒውተሩ ግን ያረጀ መረጃ ይዞም አዲስ ይመስላል። ዳኛ፣ ባንክ፣ ባለሀብት ስክሪኑን ያምናሉ። አደጋው ይህ ነው።

ገበሬው መዝገቡን እንዲያድስ የሚያደርገው ቅጣት አይደለም፤ ጥቅም ነው። የቀድሞው አብቁተ፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ የመሬት መጠቀሚያ መብትን መያዣ አድርጎ ለግለሰብ ገበሬ ብድር መስጠት ሲጀምር ማረጋገጫው ከሣጥን ወጣ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324ም ለዚህ ዓይነቱ አጠቃቀም በር ከፍቷል። መሬቷን ለማከራየት የምትፈልግ ባሏ የሞተባት ሴት ውሏ በመዝገብ ከገባ ተከራዩ ነገ «የእኔ ነው» ሊላት አይችልም። መዝገብ የሚኖረው ባለቤቱ ሲፈልገው ነው።

ጥያቄው አልተለወጠም

መዝገቡ የሚጠብቀውን ያህል ለመውሰድም ይመቻል። ደብረ ማርቆስ ስትሰፋ የምትሰፋው በዙሪያዋ ባለው በጎዛምን ገበሬ ማሳ ላይ ነው። ማሳው ወደ ከተማ ክልል ሲገባ ከገጠሩ መዝገብ ወጥቶ በሌላ ሕግ፣ በሌላ መሥሪያ ቤት ይተዳደራል። ካሳው የሚሰላው በካርታው ላይ ባለው ስፋት ነው። ካርታው ትክክል ከሆነ ገበሬው ከአንድ ጥማድ ላይ ግማሹን አይዘረፍም፤ ይህ እውነተኛ ጥበቃ ነው። ነገር ግን የካሳው ተመን ካነሰ፣ ልጆቹ የት እንደሚሄዱ ካልታሰበ፣ ትክክለኛው ካርታ ያገለገለው የወሰደውን ወገን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ «ቀላድ ገባ» ብለው ቢያስታውሱ አይገርምም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ያለው ጦርነት ደግሞ ሌላ ነገር አሳይቷል። ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ በብዙ ቦታ የወረዳና የቀበሌ መደበኛ ሥራ ተስተጓጉሏል። ሰው ግን በጦርነትም ጊዜ ይሞታል፣ ያገባል፣ ይወርሳል። በአንድ ወረዳ ሰርቨር ብቻ የተቀመጠ መዝገብ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። ከዞን፣ ከክልልና ከፌዴራል ቅጂ በላይ ደግሞ በገበሬው እጅ ያለው ካርታ ያለበት ወረቀት የመጨረሻው መጠባበቂያ ነው። ዲጂታል መዝገብ መጣ ተብሎ ወረቀቱን ከባለይዞታው እጅ ማስቀረት ትልቅ ስህተት ይሆናል።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። አንደኛ፣ ማደሻው ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይውረድ፤ ገበሬው ወደ መዝገቡ ከሚሄድ መዝገቡ ወደ ገበሬው ይሂድ። ሁለተኛ፣ መዝገቡ ለፖለቲካ ፍረጃና ለድልድል መሣሪያ እንዳይሆን ሕጉ በተግባር ይጠበቅ። አንድ ጊዜ ለዚያ ከዋለ የሃያ ዓመት እምነት በአንድ ወር ያልቃል። ሦስተኛ፣ ወንድሞችና እኅቶች ያለ ምዝገባ የተካፈሉት መሬት ሕጋዊ መልክ የሚያገኝበት መንገድ ይበጅ፤ ሕግ ያላየው ድንጋይ በማሳው መካከል ተተክሎ ይኖራልና።

የጎጃም ገበሬ ስለ መለካት ያለው ፍርሃት ኋላ ቀርነት ተብሎ ብዙ ጊዜ ተተርጉሟል። ታሪኩ ግን የሚያሳየው ጠንቃቃ ሰው ነው። ገመዱ ሊወስድበት ሲመጣ ተዋጋ፤ ሊጠብቅለት ሲመጣ ጫፉን ያዘ። ዛሬ ገመዱ ወደ ኮምፒውተር ገብቷል፤ ጫፉ በማን እጅ እንዳለ ግን እንደ ቀድሞው በቀላሉ አይታይም። የሚለካው ለማን እንደሆነ ዛሬም መልስ የሚሰጠው መዝገቡን የሚያስተዳድረው ወገን ነው፤ ገበሬውም መልሱን እየጠበቀ ነው።